አሳታሚው ያላነበበው ጽሑፍ

የዲጂታል ማርኬቲንግ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ሰሞኑን አጥብቀው የሚሰብኩት አሠራር አለ። ድረ ገጽ ክፈት፤ ሰዎች ጎግል ላይ አዘውትረው የሚፈልጓቸውን ቃላት ልቀም፤ ቃላቱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ስጠው። እሱ ርዕስ ያወጣል፣ ይጽፋል፣ ሥዕል ይጨምራል፣ በተቀጠረለት ሰዓትም ራሱ ይለጥፋል። አንተ ሌላ ሥራህን ስትሠራ ገጹ በፍለጋ ውጤት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጎብኚ ይመጣል፣ ማስታወቂያው ይከፍላል። ይህን ብልህነት ማለት ተለምዷል። እኔ በአንባቢ ላይ የሚፈጸም በደል ነው እላለሁ፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ በደሉ ይከፋል።

መሣሪያውን መጠቀም በራሱ ነውር የለውም። ረቂቅ ለማቃናት፣ በድምፅ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ፣ የተንዛዛ ሰነድ ለማሳጠር ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን። ነውሩ አሳታሚው ራሱ ያላነበበውን ነገር ሌላው አምኖ እንዲያነበው ማቅረቡ ነው። ጋዜጣ ቢሳሳት አዘጋጅ አለው፤ መጽሐፍ ቢሳሳት ደራሲ አለው። ማንም ዓይኑን ያላሳረፈበት ገጽ ግን ቢሳሳት የሚጠየቅ ቀርቶ መሳሳቱን የሚያውቅ እንኳ የለም።

አዘጋጅ ባለበት ቤት እንኳ ምን እንደሚደርስ አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። ሲኔት የተባለው የታወቀ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚያስረዱ ጽሑፎችን በማሽን እያስጻፈ ማውጣት ጀመረ። ነገሩ በጥር 2023 ሲጋለጥ ጽሑፎቹ እንደገና ተመረመሩ፤ ከ77ቱ በ41ዱ ላይ እርማት መደረግ ነበረበት። አንደኛው 10,000 ዶላር በ3 በመቶ ወለድ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,300 ዶላር ያተርፋል ይል ነበር። ትርፉ 300 ዶላር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት ቋንቋው ያማረ፣ አረፍተ ነገሩ የተስተካከለ ስለሆነ በቀላሉ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ቁጠባ ለመጀመር ምክር ፍለጋ የመጣ ሰው ግን የሚይዘው ቁጥሩን ነው። ሲኔት ቢያንስ ስም ነበረው፣ ጠያቂ ነበረበት፣ ስለዚህ አረመ። በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ በቀን አሥር ጽሑፍ የሚለጥፍ ብሎግን ማን ይጠይቀዋል?

የአሠራሩ ደጋፊዎች «ጎግል ራሱ አልከለከለም» ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ጎግል በየካቲት 2023 ትኩረቴ በጽሑፉ ጥራት ላይ እንጂ በአዘገጃጀቱ ላይ አይደለም ብሏል። በመጋቢት 2024 ግን የፍለጋ ደረጃን ለማጭበርበር ሲባል በጅምላ የሚመረት ይዘትን፣ ማሽን ይጻፈው ሰው፣ በአይፈለጌ መልእክት ደንቡ ውስጥ አካቶ ከልክሏል። ያኔ ብዙ ገጾች በአንድ ጊዜ ከፍለጋ ውጤት ጠፍተዋል። ሥልጠናውን የሸጠው ሰው ክፍያውን ቀድሞ ተቀብሏል፤ ኪሳራው የሠልጣኙ ነው።

ይሁንና የጎግልን ቅጣት ዋና መከራከሪያዬ ላደርገው አልፈልግም። ቅጣቱ ባይኖርም አቋሜ ያው ነው። የፍለጋ ማሽን ካለው ውስጥ መርጦ ነው የሚያቀርበው። በእንግሊዝኛ ስለ ስኳር በሽታ የተሳሳተ ገጽ ቢወጣ በዙሪያው ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የጤና ተቋማት የጻፏቸው ብዙ ትክክለኛ ገጾች አሉ። በአማርኛ ያ ጎረቤት የለም። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው ወደ 15 ሺህ አካባቢ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ፊት የሚመጣው የመጀመሪያ ገጽ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ገጽ ነው። ስሕተቱን የሚያስተባብል ሁለተኛ ምስክር አያገኝም።

ጥቃቅን የሚመስል ምሳሌ ላቅርብ። ጠዋት ላይ ለምርመራ ደም የሚሰጥ ወይም ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ሌሊቱን ምግብ እንዳይበላ ይነገረዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ይህን ሲያስቀምጥ «ከምሽቱ 10» ይላል እንበል። ማሽኑ ቁጥሩን እንዳለ ያመጣና «ከምሽቱ 10 ሰዓት በኋላ ምንም አይብሉ» ብሎ ይጽፋል። በእኛ አቆጣጠር ያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ 10 ሰዓት ግን ሊነጋጋ ሲል ነው። ደሴ ያለች እናት ይህን አንብባ እኩለ ሌሊት ላይ ለታማሚ ልጇ ምግብ ብትሰጥ የተጻፈላትን አክብራለች። ዋሽንግተን የሚኖር ወንድሟ ደግሞ ያንኑ አረፍተ ነገር በፈረንጅ ሰዓት ያነብና ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለማን እንደሚጽፍ ያስብና የማን ሰዓት እንደሆነ የምትለይ አንዲት ቃል ይጨምራል። ያላነበበ አሳታሚ ግን ከየት አምጥቶ ይጨምር?

የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የሚጽፍ ገጽ በአራት ዓመት አንዴ ይሳሳታል። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነበር፤ የ2020ውም እንደዚያው ይውላል። የልደት ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሮ የቪዛ ቅጽ ለሚሞላ ሰው የአንድ ቀን ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። እነዚህ ማሽኖች የሚማሩት ኢንተርኔት ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ማሽን ራሱ ባመነጨው ጽሑፍ ላይ ደጋግሞ ሲሠለጥን ውጤቱ እየተበላሸ እንደሚሄድ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ትንሽ ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች ካለው ይዘት ትልቅ ድርሻ ያለው ማሽን የተረጎመው መሆኑን ገልጿል። ትንሽ ኩሬ ቶሎ ይደፈርሳል። የግሪንላንድ ቋንቋ ዊኪፒዲያ መጨረሻው ይህ ሆነ፦ አብዛኛውን ይዘት ቋንቋውን የማይችሉ ሰዎች በማሽን ትርጉም እየሞሉት ስለመጡ፣ ሲንከባከበው የኖረው ሰው ራሱ እንዲዘጋ ጠየቀ፤ በ2025ም እንዲዘጋ ተወሰነ። አማርኛ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተናጋሪ ስላለው ከዚህ የተጠበቀ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ማሽኑ የሚያየው ግን የተናጋሪውን ብዛት ሳይሆን የተጻፈውን ነው።

«ትንሹ ነጋዴ ጸሐፊ መቅጠር አይችልም፣ ምን ያድርግ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይገባዋል፤ እውነተኛ ችግር ነውና። ትንሹ ነጋዴ በወር ሠላሳ ጽሑፍ ያስፈልገዋል ያለው ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ ደንበኞቹ በየቀኑ የሚጠይቁትን ያውቃል፦ ቪትዝ ስትሞቅ መጀመሪያ ምን እንደሚታይ፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ የፍሬን ሸራ ኦርጅናል መሆኑ በምን እንደሚለይ፣ የትኛው ድምፅ ችላ ቢባል እንደማይጎዳና የትኛው መኪናውን ዛሬውኑ እንደሚያስቆም። ይህን እውቀት ማሽኑ ከየትም አያገኘውም፤ በአማርኛ የጻፈው የለምና። መካኒኩ ስልኩ ላይ ሁለት ደቂቃ ይናገር፤ መሣሪያው ወደ ጽሑፍ ይገልብጥለት፤ እሱ አንብቦ የተሳሳተውን ያርም፤ ከሥሩ ስሙንና የጋራዡን ስልክ ያስቀምጥ። በወር አንድ ቢወጣ ይበቃዋል፤ አንብቦ ያልገባው ወይም የተጠራጠረ ደንበኛም ደውሎ ራሱን መካኒኩን ያገኘዋል።