ፍል ውኃው የማን ነው?

ከአውሮፓ ጉብኝት ከሚመለሱ ወገኖቻችን አንድ ንግግር እየተደጋገመ ይሰማል። «ቡዳፔስት ሄጄ ሴቼኒን አየሁ፤ እኛ ፍል ውኃ ሞልቶን ሳለ እንዲህ ያለ ነገር ማጣታችን ያሳፍራል» ይላሉ። ከኀፍረቱ ቀጥሎ የሚመጣው ምክርም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ምንጩ ይታጠር፣ ባለሀብት ይግባበት፣ ሆቴል ይሠራበት፣ ዋጋውም ቱሪስት በሚችለው ልክ ይቆረጥ። እኔም በሁለት ቀን ቆይታዬ ከዚያው ውኃ ገብቼ ወጥቻለሁና የምናገረው በወሬ አይደለም። ይህን የምጽፈው ግን ምክሩን ለመቃወም ነው። እነዚህ ወገኖቻችን ሴቼኒን አይተዋል፤ ያዩት ግን ግንቡን እንጂ ግንቡን ያቆመውን ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ለሚደነቀው ነገር ተገቢውን አድናቆት እንስጥ። ሴቼኒ በፔስት በኩል፣ የከተማ መናፈሻ በሚባለው ሰፊ አረንጓዴ ስፍራ ውስጥ የቆመ ቢጫ ቤተ መንግሥት መሳይ ሕንፃ ነው። ንድፉን ያወጣው ጺግለር የተባለ አርክቴክት ሲሆን፣ ሰውየው በ1905 ስላረፈ መታጠቢያው በ1913 በሩን ሲከፍት ለማየት አልታደለም። (በዚህ ጽሑፍ ከአዲስ አበባው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1927 ከቤት ውጭ ያሉት ገንዳዎች ተጨመሩበት፤ ዛሬ አሥራ አምስቱ ከጣሪያ በታች፣ ሦስቱ በሰማይ ሥር፣ በጠቅላላው 18 ገንዳዎች አሉት። በክረምታቸው፣ አየሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ዛፉ ሁሉ በረዶ ሲለብስ፣ እስከ 38 ዲግሪ ከሚደርሰው የውጭ ገንዳ የሚነሣው እንፋሎት ሰውን ከሰው ይጋርዳል። በዚያ ጉም ውስጥ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ የቆሙ ሽማግሌዎች የቼዝ ሰሌዳ በመካከላቸው አኑረው ሲያስቡ ይታያሉ። ፎቶግራፉን ያላየ የለም። እጅግ ያማረ መሆኑን የሚክድም የለም።

ነገር ግን ያ ውኃ ከየት መጣ? በቡዳ በኩል ፍል ውኃ ከኮረብታዎቹ ሥር በራሱ ይፈልቃል። ከ1541 እስከ 1686 ቡዳን የያዙት ኦቶማኖች በምንጮቹ ላይ ባለ ጉልላት መታጠቢያዎችን ሠርተዋል፤ ከእነርሱ አንዱ ሩዳስ እስከ ዛሬ ሰው ይታጠብበታል። ሴቼኒ ያለበት ፔስት ግን ሜዳ ነው፤ ምንጭ የለውም። ቪልሞሽ ዢግሞንዲ የተባለ የማዕድን መሐንዲስ በ1868 መቆፈር ጀመረ፤ የጨረሰውም በ1878 ነው። አሥር ዓመት! ጉድጓዱ 970 ሜትር ወርዶ 74 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ አገኘ። ሁለተኛው ጉድጓድ በ1938 ሲያልቅ ከ1,200 ሜትር በላይ ጠልቆ 77 ዲግሪ የሚያህል ውኃ አወጣ። ውኃው በዚህ ሙቀቱ ሰው ስለሚቀቅል ቀዝቀዝ ተደርጎ ነው ወደ ገንዳ የሚገባው። እንግዲህ እኛ «ሞልቶናል» የምንለውን፣ በወንዶ ገነትና በሶደሬ ማንም ሳይቆፍር መሬት ሰንጥቆ የሚወጣውን፣ እነርሱ አሥር ዓመት ቆፍረው ነው ያገኙት። ልዩነቱ ከውኃው ላይ ከሆነ የምንበልጠው እኛ ነን።

ስለዚህም አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ከመናፈሻው አጠገብ ያለው የቡዳፔስት የእንስሳት ማቆያ ለጉማሬዎቹ ገንዳ የሚጠቀመው ይህንኑ ፍል ውኃ ነው፤ ጉማሬዎቹም በዚያ ብርድ አገር ተመችቷቸው በመዋለድ የታወቁ ናቸው። የእኛው አፍሪካ ጉማሬ በሰው አገር ፍል ውኃ ሲንፈላሰስ፣ በገዛ አገሩ ያለው ሰው ከምንጩ በአጥር ይለይ የሚል ምክር መስማት ትንሽ ያስቃል፤ ብዙም ያሳዝናል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሴቼኒን የሚያስተዳድረው ድርጅት የቡዳፔስት ከተማ ንብረት ነው። በ1896 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ዛሬ ተሳፋሪውን በሩ ላይ ያወርዳል፤ የግል መኪናም ሆነ የአስጎብኚ አውቶቡስ አያስፈልግም። ቤቱ የሕክምና ክፍል አለው። የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የወገብ ችግር ያለበት ሰው የሐኪም ማዘዣ ይዞ ይመጣል፤ ለታዘዘለት ሕክምናም ከዋጋው ከፊሉን የአገሪቱ የጤና መድን ይሸፍንለታል። ይህን ቱሪስቱ አያየውም፤ በዕረፍት ቀን ቀትር ላይ ነውና የሚሄደው። በሥራ ቀን ማለዳ የሄደ ግን ሌላ ቤት ያገኛል። ፎጣቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው የሚመጡ አሮጊቶች፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ ደረጃውን የሚወርዱ ጡረተኞች፣ ከጎረቤታቸው ጋር ስለ ልጅ ልጅ እያወሩ አንገታቸው ድረስ የተነከሩ ሴቶች። ከማለዳዎቹ ሰዎች መካከል አንድም ካሜራ የያዘ አላየሁም። ስለ ሕንፃው ውበት ሲያወራ የሰማሁትም የለም፤ በእርግጥ ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ነገር ግን ለመድኃኒት የመጣና ለሥዕል የመጣ ሰው ፊት ይለያያል።

ሴቼኒን ሴቼኒ ያደረገው ይህ ነው። የቼዝ ተጫዋቾቹን ያመጣቸው የማስታወቂያ ድርጅት አይደለም፤ የሰፈሩ ሰዎች ስለሆኑና ለመመላለስ አቅማቸው ስለፈቀደ የመጡ ናቸው። ቱሪስቱም የሚያየው የእነርሱን ኑሮ ነው። ኑሮው ሲወጣ የሚቀረው ሞቅ ያለ የመዋኛ ገንዳ ነው፤ እርሱማ በየትኛውም ትልቅ ሆቴል ይገኛል።

ደግሞም ቡዳፔስትን ያለ ነቀፋ ማለፍ ለአንባቢ ታማኝ አለመሆን ነው። እዚያም ቢሆን ነገሩ እያዘነበለ ነው። የሙሉ ቀን መግቢያው ከአሥር ዓመት ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ከ10,000 ፎሪንት ተሻግሯል፤ ይህ ለጎብኚው የአንድ እራት ሒሳብ ሲሆን በጡረታ ለሚኖር የከተማው ሰው ግን ቆም ብሎ የሚያስበው ገንዘብ ነው። ቅዳሜ ማታ ገንዳዎቹ ወደ ጭፈራ ቤትነት ይለወጣሉ፤ መብራት፣ ሙዚቃና መጠጥ ይሆናል። እንግዲህ የእኛ መካሪዎች ቅዳ የሚሉን የትኛውን ሴቼኒ ነው? መቶ ዓመት የፈጀውን የከተማ ሕዝብ መታጠቢያ አይደለም። ቅዳ የሚሉን የቅዳሜ ማታውን ነው።

የእነርሱን ክርክር በጠንካራ ጎኑ ላቅርበው፤ አለዚያ ድሉ ድል አይሆንም። «ድሃ የሚታጠብበትን ቤት ማን ያድሰዋል? ገንዳው ይሰነጠቃል፣ ቧንቧው ይዝጋል፣ ንጽሕናው ይጓደላል። ገንዘብ ከውጭ ካልመጣ ጥገና የለም» ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። በፍል ውኃ ውስጥ ያለው ማዕድን ቧንቧን በፍጥነት ይደፍናል፤ ገንዳን አዘውትሮ ባዶ አድርጎ ማጽዳት ወጪ አለው፤ ያልጸዳ ገንዳም መድኃኒት ሳይሆን በሽታ ይሆናል። ቱሪስት የበለጠ ይክፈል ቢባል እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ቱሪስት የከፈለው ገንዘብ የጡረተኛውን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ይውላል ወይስ ጡረተኛውን ከበሩ ለመመለስ? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህንም የሚወስነው የምንጩ ባለቤት ማን መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ የቡዳፔስት መታጠቢያዎች ተዘጉ፤ ቱሪስቱም ጠፋ። ገቢውን ከውጭ ሰው ላይ የመሠረተ ቤት ሁሉ ምን ያህል በቀጭን ክር እንደተንጠለጠለ ያን ጊዜ ታየ። ጎብኚ በወረርሽኝ፣ በጦርነት፣ በአውሮፕላን ዋጋ ይቀራል፤ እኛ በምንኖርበት ቀንድ ደግሞ ጎብኚን የሚያስቀር ምክንያት ተፈልጎ አይታጣም። ወገቡን የሚያመው የሰፈር ሰው ግን አይቀርም።

እስቲ ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ናይሮቢ ያለን ሰዎች ኦልካሪያን እናውቃለን። በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በ1981 ከመሬት በታች በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ተጀመረ፤ በ2013 ከጉድጓዶቹ በሚወጣው ውኃ ሰማያዊ መታጠቢያ ተከፈተ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ከኃይል ማመንጫ የተረፈን ውኃ ለሰው ገላ ማዋል ብልኅነት ነው። ሆኖም ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ የፓርኩ መግቢያ ይከፈላል፣ የመታጠቢያውም ለብቻ ይከፈላል፣ መኪናም ያስፈልጋል። የመዝናኛ ቀን ነው፤ የሳምንት ልማድ ሊሆን ግን አይችልም።

ከዚህ ጋር በምዕራብ ኡጋንዳ ያለውን ኪታጋታን አስተያዩት። እዚያ ሁለት ፍል ውኃዎች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ የአንኮሌ ንጉሥ ይታጠብበት ስለነበር በንጉሡ ስም ይጠራል። ሌላውን ሕዝቡ «ሙላጎ» ይለዋል፤ ሙላጎ ማለት በካምፓላ ያለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ስሙን ያወጣው የቱሪዝም ባለሙያ አይደለም፤ ታምሞ የመጣ ሰው ነው። ግንብ የለውም፣ ጉልላት የለውም፤ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይነክራል። የሚጎድለው ብዙ ነው፤ መጸዳጃ፣ የልብ ሕመም ያለበትን «አንተ ሙቁ ውኃ ውስጥ አትቆይ» የሚል ነርስ፣ ውኃውን የሚመረምር ላቦራቶሪ። እነዚህ ሁሉ ግን ከሆቴል በጣም ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በመንፈስ ለሴቼኒ ማለዳ የሚቀርበው ኪታጋታ ነው እላለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ።

አዲስ አበባማ ከሁሉም የተለየች ናት፤ ከፍል ውኃ የተወለደች ከተማ ናትና። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፊንፊኔ ምንጭ መታጠብ ባይወዱ ኖሮ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ እዚያ ላይ ለመቆርቆሯ ዋስትና አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፍል ውኃ የቤተ መንግሥት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቤቱ ውስጥ የገላ መታጠቢያ የሌለው የከተማ ሰው፣ ትኬቱን ቆርጦ፣ ሳሙናና ፎጣውን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅበት ስፍራ ሆነ። ሙሽራ ታጥቦበታል፣ አራስ ታጥባበታለች፣ ከገጠር የመጣ እንግዳ በዘመዱ ተጋብዞበታል። ይህን ታሪክ «ኋላ ቀር የሕዝብ መታጠቢያ» ብሎ የሚያቃልል ሰው በቡዳፔስት ያንኑ ነገር በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ያደንቃል። ልዩነቱ ግንቡ ቢጫ መሆኑ ነው።

በወንዶ ገነት ከላይ ባለው ምንጭ የአካባቢው ልጆች ድንችና በቆሎ ይቀቅላሉ። ባለሀብቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያባርረው እነርሱን መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ለገጽታ አይመችም» ይባላል። ለማን ገጽታ?

ስለዚህ በየትኛውም የአካባቢያችን ከተማ ፍል ውኃ ይታደስ የሚል ዕቅድ ሲቀርብ ሥዕሉን ከማየታችን በፊት የምንጠይቀው አለ። ምንጩ በማን ስም ተመዝግቦ ይቀራል? በሥራ ቀን ማለዳ ለሰፈሩ ሰው የሚጠበቅ ሰዓትና ዋጋ አለ? አውቶቡስ በሩ ድረስ ይደርሳል? የሐኪም ወረቀት የያዘ ሰው እንዴት ይስተናገዳል? ገንዳው በሳምንት ስንት ጊዜ ባዶ ሆኖ ይታጠባል? ቡዳፔስት እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ በሚገባ መልሳለች አልልም። የሚደነቅላት ነገር ግን የመለሰችው ያህል ነው። ለጉብኝት የምትሄዱም በሥራ ቀን፣ በጠዋቱ ባቡር ሂዱ፤ ካሜራውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉና ከባልቴቶቹ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከዚያ መጥታችሁ ምን መቅዳት እንዳለብን ንገሩን።