ስለ «ናይትላይፍ» ጥብቅና

የአየርላንዱ የሮክ ባንድ ቲን ሊዚ ስሙ በተነሣ ቁጥር ሁሉም ተሽቀዳድሞ የሚያወድሰው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ጄይልብሬክ»ን ነው። ሁለት ዓመት የሚቀድመው «ናይትላይፍ» ግን «ለስላሳ ነው» ተብሎ ተረስቷል። ይህን ፍርድ አልቀበልም።

የባንዱ ድምፃዊ ፊል ላይኖት በዚያው በ1974 የግጥም መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። አልበሙንም እንደ ግጥም መድበል ላደምጠው እወዳለሁ። «ፊሎሜና» የእናቱ ስም ነው፤ እርሱ ደብሊን በአያቱ ቤት ሲያድግ እናቱ እንግሊዝ አገር ነበረች። ዘፈኑ መንገደኛ ልጅ በሰው አፍ የሚልከው ናፍቆት ነው። እንዲህ ያለውን መልእክት እየጮኸ የሚልክ ማን ነው?

አዘጋጁ ሮን ኔቪሰን ጊታሮቹን ከልክ በላይ እንደገራቸው አልክድም። ሆኖም ኋላ «ጄይልብሬክ»ን ያስወደዱት ሁለቱ ጊታሪስቶች፣ ስኮት ጎርሃምና ብራያን ሮበርትሰን፣ በአልበም ላይ መጀመሪያ የተጣመሩት እዚሁ ነው።

«ስቲል ኢን ላቭ ዊዝ ዩ»ንስ ምን እንበለው? በዚህ ቅጂ ጊታሩን የሚያስለቅሰው ጋሪ ሙር ነው። የሚደንቀኝ፣ አልበሙን የሚንቁት እነዚያው ሰዎች ይህንኑ ዘፈን በ1978ቱ የመድረክ አልበም «ላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ» ላይ ሲሰሙት ዐይናቸውን ጨፍነው ይመሰጣሉ። ከየት እንደመጣ ማን ጠይቆ!