ማር ለእኛ እንጂ ለጨቅላ ሕፃን አይሆንም!

ዛሬ ስለ ማር ያለኝን ሐሳብ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

ማር የማይወድ ማን አለ? በዳቦ ሲበሉት ይጣፍጣል፣ ሲያስለን በሻይ እንጠጣዋለን። ከቀፎ እንደወጣ ከነሰፈፉ ሲሆንማ አይጠየቅም! ማር የማይስማማው ሰው ካልሆነ በቀር ለእኛም ለአዋቂዎችም ችግር የለውም። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን በጣት ጫፍ እንኳ መቅመስ የለበትም እላለሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። አፈር ውስጥ የሚኖር ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስፖር የሚባል፣ እንደ ዘር የሆነ ጠንካራ ነገር ይሠራል። ስፖሩ ማር ውስጥ ሊገባ ይችላል። እኛ ብንበላው አንጀታችን ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እንዳያድግ ይከለክሉታል። የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ ስፖሩ እዚያ አድጎ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። መርዙ ጡንቻን ያዝላል። ሕፃኑ ሆዱ ይደርቃል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ የለቅሶው ድምፅ ይደክማል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ አንገቱ ይዝላል። ሲብስ መተንፈስም ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

አንዳንዶች «ማሩ ስኳር ያልገባበት ንጹሕ ነው» ይላሉ። ንጹሕም ቢሆን ስፖሩ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም። «አፍልተን እንሰጠዋለን» የሚሉም አሉ። ስፖሩ ግን ውኃ በሚፈላበት 100 ዲግሪ ሙቀት አይሞትም። ሌሎች ደግሞ «ስንቱ ልጅ ማር እየላሰ አድጎ የለም እንዴ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ በሽታው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ግን እኮ ግራ ቀኝ ሳያይ አስፋልት ተሻግሮ የተረፈም ብዙ ሰው አለ። ታዲያ ሳያዩ መሻገር ልክ ነው እንላለን?

ይህን ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እናቶቻችን ሥራ ሲይዙ ሕፃን የምናዝለውና የምናባብለው እኛ ነን። ሲያለቅስ ዝም እንዲል ማር የምናልሰውም እኛው ነን። እሱ መቅረት አለበት። አያቶቻችን ለአራስ ልጅ ማር የሚያቀምሱት ስለሚወዱት ነው፤ ስለዚህ መሟገት አያስፈልግም። «እማማ፣ ዓመት ይሙላውና ያኔ ያቀምሱታል» ብንላቸው ይሰሙናል። እስከ 6 ወር ድረስ ደግሞ ለሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

መምህራኖቻችንም ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ቢያስታውሱልን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ተጋብዛ ብታስረዳን ጥሩ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል! ያነበባችሁ ላላነበቡ ንገሩ።