ለሰልፍ ቀን ብቻ የሚፈለግ ባንድ

ደብዳቤው የደረሳቸው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግልባጭ የሚደረግላቸው አካላት ዝርዝርም አለው። መልዕክቱ አጭር ነው፤ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በሚከበረው በዓል ላይ የትምህርት ቤቱ ባንድ ተገኝቶ ‹‹ፕሮግራሙን እንዲያደምቅ›› ያሳስባል። በምን መሣሪያ፣ በማን መኪና፣ ለልምምድ ሲባል የሚቀሩትን ክፍለ ጊዜያት ማን እንደሚሸፍን ግን አይናገርም። ያን ቀን ጭሮ ነበርኩ። መምህሩ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ለእኔ አቀበሉኝና፣ ‹‹ይኸው ወንድሜ፣ በዓመት አራት ጊዜ ሙዚቀኛ እሆናለሁ፤ የቀረውን ጊዜ የታሪክ አስተማሪ ነኝ›› አሉኝ።

ቀልድ ይመስላል። እኔ ግን በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ትልቅ ችግር ተጠቅልሎ አየሁት። የመምህሩንም ሆነ የትምህርት ቤታቸውን ስም አልጠቅስም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በወጣ ማግስት ማን ቢሮ እንደሚጠራ አንባቢም እኔም እናውቃለን።

እኚህ ሰው የተቀጠሩት ታሪክ ለማስተማር ነው። በሳምንት 26 ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። ባንዱን የሚመሩት ደግሞ ወጣት ሳሉ ኪቦርድ ስለለመዱ፣ ይህንንም ሳይጠነቀቁ ለባልደረቦቻቸው ስለተናገሩ ነው። ቀናቸው የሚጀምረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሚኒ ሚዲያውን ከፍተው የሰንደቅ ዓላማ መዝሙሩን ከፍላሽ ያጫውታሉ። መብራት በሌለበት ጠዋት (እንዲህ ያለው ጠዋት ጥቂት አይደለም) ሁለት ከበሮ መቺ ተማሪዎች አሰልፈው ተማሪው በድምፁ እንዲዘምር ያደርጋሉ። እውነቱን ለመናገር ከፍላሹ ይልቅ ይኼኛው ያምራል።

የባንዱ ንብረት በአንዲት ጠባብ ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። አንደኛው ቆዳው ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ ሁለት ከበሮ፣ ሦስት ክር የቀረው ቤዝ ጊታር፣ ተማሪ ከጣውላና ከሽቦ የሠራው ክራር፣ አንድ ኪቦርድ። ኪቦርዱ ላይ አምስት ቁልፎች አይሰሙም። ልጆቹ የትኞቹ እንደሆኑ ስለሚያውቁ ዜማውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው፣ የሞቱትን ቁልፎች ዘለው ይጫወታሉ። ይህ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ወራት የሚፈጅ ልምምድ ነው። እነዚህ ልጆች ግን ኪቦርድ የሚያስጠግን ባለመገኘቱ የተማሩት ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ኪቦርድ መግዛት ይቅርና ዋጋ መጠየቅም አቁመዋል።

ልምምዱስ መቼ ነው? ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ ስለሚያስተምር ባዶ ክፍል የሚገኘው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ግን አሥራ አንድ ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። ጫት ተለቅሞ፣ ተለይቶ፣ ታስሮ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ከሒርና እስከ ገለምሶ፣ ከበዴሳ እስከ ጭሮ የወጣት እጅ ይፈለጋል። ከበሮ መቺው በአዝመራ ወቅት ከልምምድ ይቀራል፤ መምህሩም አይቆጡትም። ‹‹እኔ የምሰጠው ጭብጨባ ነው፤ እዚያ የሚሰጡት ብር ነው›› ይላሉ። ድምፃዊቷ ደግሞ ውኃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ ነው የምትመጣው። በረመዳን ልምምድ የለም። በዐቢይ ጾም የጊታሪስቱ እናት ልጃቸውን አይለቁም። ሁለቱ ጾሞች በተከታተሉበት ዓመት ባንዱ ለወራት ይበተናል።

የወላጆችንም ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡና፣ ‹‹በርሲሳ፣ እኔ የላክሁት ሐኪም እንዲሆን ነው፤ አንተ ዘፋኝ ልታደርገው ነው?›› ብለው ጠየቁ። በርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ጥያቄው የቀረበው በአክብሮት ነው። መምህሩ ምን እንደመለሱላቸው ስጠይቃቸው ሳቁ። ‹‹ምን እላለሁ? የልጁን የሒሳብ ውጤት አሳየኋቸው። ደግነቱ ጥሩ ነበር›› አሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሆንባት ከተማ ማን እንደቆረቆራት ላስታውስ። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት የጨርጨር ገዥ ሆነው የመሠረቷት ፊታውራሪ (በኋላ በጅሮንድ) ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚህ ሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ይታወቃሉ። ከዚያ በፊት ግን ‹‹ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ›› የተባለውን፣ የአገራችን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት የሚባለውን ድርሰት ጽፈው ለመድረክ አብቅተዋል። ተውኔቱ በቤተ መንግሥት አካባቢ አልተወደደምና ቴአትር ለዓመታት ታገደ። በሌላ አነጋገር ጭሮ በተውኔት ጸሐፊ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬ በዚያች ከተማ ለኪነ ጥበብ የተመደበ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ፈልጌ አላገኘሁም።

መንግሥትና ባንድ የተዋወቁትም በዚያው ዘመን ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የሰሟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ‹‹አርባ ልጆች›› የተባሉት እነዚህ ናቸው። ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባንድ ሆኑ። ኬቮርክ የደረሱት ዜማ በ1923ቱ የዘውድ በዓል ላይ ተሰምቶ እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በማዘጋጃ ቤት፣ በቴአትር ቤትና በሙዚቃ ትምህርት ቤት ትውልድ አስተማሩ።

ልብ እንበል። ባንዱ የመጣው ለዘውድ፣ ለእንግዳ አቀባበልና ለሰልፍ ነው። ይሁን እንጂ ያኔ ባንዱ ደመወዝ ነበረው፣ አስተማሪ ነበረው፣ መሣሪያ ነበረው። ደርግም መጣና በየቀበሌው የኪነት ቡድን አቋቋመ። ዓላማው ቅስቀሳ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ልጆች ከበሮና ጊታር የሚነኩበት ቦታ ነበር። ዛሬ ከሁለቱም የወረስነው የበዓሉን ፕሮግራም ብቻ ይመስለኛል። የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ኅዳር 29፣ ዓድዋ፣ የምረቃ በዓል ሲደርስ ባንድ ይፈለጋል። በማግስቱ ግን ባንዱ በጀት የለውም፣ ክፍለ ጊዜ የለውም፣ መደብ የለውም።

ሥርዓተ ትምህርቱ ምን ይላል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተግባር ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ‹‹የክወናና ዕይታ ጥበባት›› የተባለ ትምህርት አለው። ይህ መልካም ነው፤ መጽሐፉን አይቼዋለሁ፤ ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ውዝዋዜና ሥዕል ይዟል። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ትምህርቱ ያበቃል። በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ስፖርት አለ፤ ሙዚቃ የለም። ስለዚህ ስፖርት የሠለጠነ መምህርና የተቆጠረ ክፍለ ጊዜ አለው፣ ሙዚቃ ደግሞ ክበብ ይሆናል። ክበብ ማለት በእኛ አገር ትርጉሙ የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የምንሰማው ውጤት ይታወቃል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ከሺሕ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ያላሳለፉበት ዓመት አይተናል። ቤቱ እየተቃጠለ ስለ ኪቦርድ ይወራል ወይ? የሒሳብ መምህር ባልተሟላበት፣ ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ባንድ ቅንጦት አይደለም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ‹‹ሙዚቃ የፈተና ውጤት ያሻሽላል›› የሚል መልስ በመስጠት ለማምለጥም አልፈልግም፤ የአንዱ ልጅ የሒሳብ ውጤት ጥናት አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ ዩኒቨርሲቲ የማይገባ ከሆነ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለእነዚህ ዘጠና አምስት ልጆች የመጨረሻው ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ትምህርት ቤታቸው ከወደቁበት ፈተና ሌላ ምን ሰጥቷቸው ይሸኛቸዋል? በገለምሶ ወይም በሚኤሶ ላለ ልጅ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሩቅ ነው። ሙላቱ አስታጥቄን ቤተሰቦቹ ወደ ዌልስ የላኩት መሐንዲስ እንዲሆን ነበር፤ ተሰጥኦውን ያየለት እዚያ የገባበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ መሣሪያም አስተማሪም ስለነበረው ታየለት። ብዙ ሳንርቅ ደግሞ አሊ ቢራ አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው ይህ ታላቅ ድምፃዊ በልጅነቱ የተገኘው በድሬዳዋ ‹‹አፍረን ቀሎ›› በተባለው የወጣቶች ቡድን ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ባቡር፣ ሬዲዮና የሠርግ ባንድ የነበራት ከተማ ናት። ተሰጥኦ ያለ ትምህርት ቤትም ይበቅላል የሚል ሰው አሊን ሊጠቅስ ይችላል። ትክክል ነው፤ ግን አሊም የሚለማመድበት ቡድን አግኝቶ ነበር።

የገንዘብ እጦት የሚለውንም መልስ ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። የኬንያ የሙዚቃ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ አለ። ትምህርት ቤቶች ከአካባቢ ውድድር ተነስተው፣ በየደረጃው አልፈው ብሔራዊው መድረክ ላይ ይደርሳሉ። የሚወዳደሩት ውድ መሣሪያ በመያዝ ብቻ አይደለም፤ የአገር ባህል ዘፈን፣ የኅብረት ዝማሬና ውዝዋዜ ራሳቸውን የቻሉ ዘርፎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚያዘጋጃቸው ነገር ስላለ ባንዱና መዘምራኑ በሰልፍ ቀን ደብዳቤ አይጠሩም።

እኛስ? የሐረርጌ ኦሮሞ ወጣቶች ሸጎዬ መሣሪያ አይጠይቅም። ጭብጨባ፣ የጉሮሮ ድምፅ፣ የወንድና የሴት ቅብብሎሽ ይበቃዋል። በምዕራብ ሐረርጌ ሸጎዬ የሚያውቅ ተማሪ የሌለበት ክፍል ያለ አይመስለኝም። ከጭሮ፣ ከሒርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከመቻራ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንዴ ተገናኝተው ቢወዳደሩ ወጪው የአውቶቡስና የምሳ ነው። ለስብሰባ አበል የምናወጣውን ያህል አይሆንም። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ባንድ የሚመራው መምህር የልምምድ ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ ይቆጠርለት። ከ26 ላይ አራቱ ቢቀነሱለት ሌላው ሁሉ ባይሟላም ባንዱ ይቀጥላል። ይህን ለመወሰን አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም፤ የርእሰ መምህሩና የወረዳው ፊርማ በቂ ይመስለኛል።

ይህን ሐሳብ ለመምህሩ ስነግራቸው ብዙም አልተደሰቱም። ለድሬዳዋ ዝውውር ከጠየቁ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ባለቤታቸው የሚሠሩት እዚያ ነው። ዘንድሮ ሳይሳካ አይቀርም። ወሬው ሲሰማ ከአስተዳደሩ የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ለማን እንደሚያስረክቡ። ልጆቹን ማን እንደሚያለማምዳቸው የጠየቀ የለም። ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ገና አሥረኛ ክፍል ነው።

ሐሙስ ዕለት በዓሉ ላይ ተገኘሁ። ንግግሮቹ ረዘሙ፤ የባንዱ ተራ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ። መምህሩ ለልጆቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ከበሮዎቹ ጀመሩ፤ ልጆቹ ወደ ሁለት ረድፍ ተከፍለው ሸጎዬ ያዙ። ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ የነበረው ሕዝብ ገባ፣ እናቶች እልል አሉ፣ ከክብር እንግዶቹም ሁለቱ ተነሱ። ከዚያ ለተማሪዎቹ አንዳንድ ሚሪንዳና ኩኪስ ታደላቸው። እንግዶቹ ምሳ ወደተዘጋጀበት ሄዱ፤ መምህሩና ልጆቹ ከበሮዎቹን ተሸክመው በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ነበራቸው።