መልመድና መቻል ይለያያሉ

ለንግድ ቤት ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ሁሉ ይህን ሳይገነዘብ አይቀርም። በአባቱ ሱቅ ያደገ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ይዞ ሲታይ የተካነ ይመስላል፤ ሚዛን ነክቶ የማያውቀው ባልንጀራው ግን ይደናገራል። ዓመት ከሞላ በኋላ ሁለቱን መለየት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ቀድሞ መልመድ አንድ ነገር ነው፤ ችሎታ ደግሞ ሌላ ነው።

የንግዱ ሰው የሚያውቀውን ይህን እውነት የሶፍትዌር ሙያ የሚያስተምሩ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ ዘንግተውት ነበር። በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ከገቡት አዲስ ተማሪዎች መካከል ሴቶቹ ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር የተባሉ ምሁራን ምክንያቱን ለማወቅ ተማሪዎቹን ለዓመታት እየጠየቁ መረመሩ። በብዙ ቤት ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ለወንዱ ልጅ ስለ ነበረ ወንዶቹ ለምደው ይገባሉ፤ ሴቶቹ ግን የልምምድን ማነስ የችሎታ ጉድለት አድርገው በመቁጠር ተስፋ ይቈርጣሉ። ዩኒቨርሲቲው ይህን ከተረዳ በኋላ በመግቢያ ጊዜ ለቀድሞ ልምምድ ይሰጠው የነበረውን ብልጫ ትቶ፥ ለጀማሪዎችም የሚስማማ መነሻ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ2000 አዲስ ከገቡት ውስጥ ሴቶቹ ከመቶ 42 ሆኑ።

በዚህ ዓይነት የትምህርቱ ደረጃ ይወድቃል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የተለወጠው መነሻው እንጂ መድረሻው አይደለም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሃርቪ ማድ ኮሌጅም በዚሁ መንገድ ጀማሪዎቹን ከለመዱት ለይቶ ካስተማረ በኋላ፥ በቀጣዩ ትምህርት ሁሉንም በአንድነት ያስቀምጣቸዋል።

ነገሩ ከነጋዴው የራቀ አይደለም። ኮቦል የተባለው የንግድ ሒሳብ የሚሠራበት የኮምፒዩተር ቋንቋ የተመሠረተው በአመዛኙ ግሬስ ሆፐር በተባለች ሴት የሒሳብ ሊቅ ሥራ ላይ ነው። የንግድ ቤት ሰዎች በሒሳብ ምልክት ከሚቸገሩ በተለመደ ቃል ትእዛዝ ቢጽፉ እንደሚሻል አስተውላ ነበርና። ዛሬ በኢትዮጵያም ነጋዴው ክፍያውን በስልክ ይቀበላል፤ የዕቃውን ገቢና ወጪ በኮምፒዩተር ይመዘግባል። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሁሉ ከአንድ ዓይነት ኑሮ የመጡ እንደ ሆነ፥ ፊደል ያልቈጠረው ደንበኛ ወይም ዓይኑ የደከመው ባለ ሱቅ የሚቸገርበት ነገር ከቶ አይታያቸውም፤ ኪሳራው ግን በነጋዴው ላይ ያርፋል።

ከገጠር ትምህርት ቤት መጥታ ኮምፒዩተርን በዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነካ ልጅ በመጀመሪያው ወር ውጤቷ ብቻ ልትመዘን አይገባም። ለሥራ ልምምድ ተማሪ የሚቀበሉ የንግድ ቤቶችም ቀድሞ ምን ያህል ለምዳለች ብለው ከመጠየቅ ይልቅ፥ ከጀመረች ወዲህ ምን ያህል ተራምዳለች ብለው ቢጠይቁ ትርፉ የራሳቸው ነው።