ከጎተራ የወጣም ወጪ ነው

ጥር የሠርግ ወር ነው። ዳስ እንጥላለን። ጠላ እንጠምቃለን። ዘመድ እንጠራለን። ደስም ይለናል።

ታዲያ ብዙዎቻችን እንዲህ እንላለን፦ «እህሉ ከጎተራዬ ነው። በሬውም የራሴ ነው። ምን ወጪ አለብኝ?» ይህ ስሕተት ነው።

እስቲ እንቁጠረው። አንድ ቤተሰብ በቀን 2 ኪሎ ተኩል እህል ይበላል እንበል። 1 ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ለ40 ቀን ይበቃል ማለት ነው። ለእንጀራውና ለጠላው 3 ኩንታል ብናወጣ የ120 ቀን ቀለብ ሄደ። ይህ የክረምቱ ቀለብ ነው።

እህል በጥር ይረክሳል፤ በሐምሌ ይወደዳል። በጥር ያበላነውን በሐምሌ በውድ እንገዛለን። ገንዘብ ካጣን በአራጣ እንበደራለን። ዘሩ ከተበላ ምን እንዘራለን? በሬው ከታረደስ በምን እናርሳለን?

«ሰው ምን ይለኛል?» እንላለን። ሰው በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። በሐምሌ ልጆቻችን እንጀራ የሚጠይቁት እኛን ነው።

ሠርግ ይቅር አላልንም። አሁን መጻፍ ችለናል። ከድግሱ በፊት እርሳስ እናንሳ። መጀመሪያ ዘሩን እንጻፍ። ቀጥሎ የክረምቱን ቀለብ እንጻፍ። ከዚያ በተረፈው እንደግስ።