ምርመራው ወደ እናቶች ይሂድ
የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ቢሆንም፣ ቀድሞ ከተደረሰበት መከላከል ይቻላል። ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ካንሰር እስኪያስከትል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ ለምርመራ የሚበቃውን ይህን ሰፊ ጊዜ እያባከንነው ነው። በአዲስ አበባ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ልጆች የምታሳድግ፣ በላፍቶ አትክልት ገበያ የምትቸረችር እናት ሳያማት ሥራዋን ትታ ጤና ጣቢያ ትሰለፋለች ብሎ መጠበቅ አይሆንም፤ የዕለት ገቢዋ ይጎድላል፣ ገላን ለባዕድ ማሳየቱም ያሳቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቶች ለኤችፒቪ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና ራሳቸው እንዲወስዱ ይደግፋል። ስለዚህ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የናሙና መውሰጃውን ቤት ለቤት ያድርሱ፤ ቫይረሱ የተገኘባትንም እስከ ሕክምናው ይከታተሉ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እኅቶቼ፣ ደም እስኪፈስ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ተመርመሩ።